እናቴ ወናጎ የገባችበት እሁድ

ይህን ነገር ለመጻፍ ስንቴ ወረቀት አንስቼ ስንቴ እንዳስቀመጥኩ አልቆጠርኩም። ያቺ እሁድ እስካሁንም በቅጡ አልገባችኝም። እስኪገባኝ ልጠብቅ ካልኩ ደግሞ ሳልናገር ልቀር ነው። ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት አወራላችኋለሁ፤ ያላወቅኩትንም አላወቅኩም እላለሁ።

ምህረት እባላለሁ። ዲላ ተወልጄ ዲላ ያደግኩ፣ አንድ ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ነገሩ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት በኅዳር፣ የቡና ለቀማው በደራበት ሰሞን ነው። ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ከቤቴ ፋርማሲው ድረስ ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ በባጃጅ ነበር የምሄደው። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። እናቴ ይህን እያየች፣ "የማን ልጅ ነሽ ቢሉሽ የእኔን ስም እንዳትጠሪ" ትለኝ ነበር። ቀልዷን ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉም ቀልድ አልነበረም።

እናቴ አማረች የስፖርት መምህርት ነበረች። ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምራ ጡረታ ብትወጣም ከተማው "ቲቸር" ማለቱን አልተወም። በወጣትነቷ ለአውራጃው ሮጣለች። በስልሳ አምስት ዓመቷም ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከቤት ወጥታ ድልድዩ ድረስ ሮጣ ትመለሳለች። ተመልሳ ተጣጥባ ቁርስ ስታቀርብ አባቴ ገና ከአልጋው አልወረደም።

እሁድ እሁድ ሁላችንም እሷ ዘንድ ነው ምሳ የምንበላው። ከምሳ በፊት የልጅ ልጆቿን ግቢው ውስጥ ታሯሩጣቸዋለች። ትልቁን ሥጋ የምትሰጠው ለመጨረሻው ልጅ ነው። "አንደኛ የወጣውማ አልደከመም፤ የደከመው ይሄ ነው" ትላለች። ማታ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ደግሞ ለሦስታችን ልጆቿ በየተራ ትደውላለች፤ መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ሐዋሳ ላለው ወንድሜ ለዳዊት፣ ከዚያ ለታናሻችን ለሰላም። የምትጠይቀው ሁሌም አንድ ነው፤ ልጆቹ በልተዋል ወይ?

በዚያ ዓመት አንድ ምሽት ዳዊት ደወለልኝ።

"እማዬ ዛሬ ሁለት ጊዜ ደወለችልኝ" አለኝ። "ሁለቱንም ጊዜ የልጄ ጥርስ ወለቀ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በመካከሉ አሥር ደቂቃ እንኳ የለም።"

"እርጅና ነዋ" አልኩት።

ከዚያ ፊሽካዋ ጨው ማስቀመጫው ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ሰላምን በእኔ ስም፣ እኔን በሟች እህቷ ስም መጥራት ጀመረች። እሱንም "የማን እናት ስም አያምታታትም?" ብዬ አለፍኩት። እኔ እኮ ለመርሳት በሽታ የሚታዘዘውን መድኃኒት በእጄ ቆጥሬ ለሰው የምሰጥ ሴት ነኝ። ታማሚ ይዘው ለሚመጡ ልጆች "ምልክቱን ቶሎ ብታዩት ጥሩ ነበር" እያልኩ የምመክርም እኔው ነበርኩ።

ያቺ እሁድ በከተማችን የሴቶች የአምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበር። ለሁሉም ቢጫ ካናቴራ ታደለ። እናቴ ከሳምንት በፊት አጥባ፣ ተኩሳ፣ ወንበር ላይ አንጥፋ አዘጋጅታዋለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስታዲየሙ በር ስንደርስ ነጠላዋን አውልቃ ሰጠችኝ፤ ስልኳንም።

"እዚሁ ጠብቂኝ" አለችኝ። "እንዳትሄጂ።"

"የት እሄዳለሁ?"

"ሰው ይሄዳል" አለችና ወደ መነሻው አመራች። ምን ማለቷ እንደሆነ አላሰብኩበትም።

ሩጫው ከስታዲየሙ ተነስቶ በከተማው መሀል ያልፍና በወናጎ መውጫ አስፋልት ላይ በርሜል ከተደረደረበት ቦታ ታጥፎ ይመለሳል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወጣቶቹ መግባት ጀመሩ። ከዚያ ትልልቆቹ፣ ከዚያ እየሳቁ የሚራመዱት፣ ከዚያ ልጅ ያዘሉት። እናቴ ከእኩዮቿ ሁሌ አንደኛ ናት። እኩዮቿ ገቡ፤ እሷ የለችም። "ቲቸር ከፊታችን ነበረች እኮ" አለችኝ አንዷ። "ገና ሲጀመር ጥላን ሄደች።"

ከፊታቸው ከነበረች ገብታለች ማለት ነው። ሳላያት አልፋኝ ቤት ሄዳ ይሆናል ብዬ ለአባቴ ደወልኩ።

"አባዬ፣ እማዬ መጣች?"

"ካንቺ ጋር አይደለችም እንዴ?"

"ከእኔ ጋር ናት" አልኩና ዘጋሁት። ለምን እንደዋሸሁት አላውቅም።

ስታዲየሙን ዞርኩ። ችግሩ ሁሉም ሰው ቢጫ ለብሷል። ከኋላ ያየኋት ሽበታም ሁሉ እናቴ ትመስለኛለች፤ እደርስና ትከሻዋን ስነካት ሌላ ሰው ዞሮ ያየኛል። አራት ወይ አምስት ሴት እንዲህ አስደነገጥኩ። አንዱ ሰውዬ፣ "አንዲት ትልቅ ሴት መንገድ ላይ ወድቃ ክሊኒክ ወስደዋታል" ሲለኝ ወደዚያው አመራሁ።

ክሊኒኩ ቅርብ ነው። መጋረጃውን ገልጬ ስገባ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረች ቢጫ ለባሽ ተኝታለች። እግሯ ላይ ነጭ ስኒከር አለ፤ የእናቴም ነጭ ነው። "እማዬ" አልኩ። ዞር ስትል በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት፤ ቁርጭምጭሚቷ ወልሟል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሌላ ሰው በመሆኗ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያው እናቴ እዚህም ካልሆነች የት ናት ብዬ ባሰብኩ ጊዜ፣ እሷ በሆነች ኖሮ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እንዲህ ያለ ነገር የማስብ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

ወደ መታጠፊያው ሄድኩ። በርሜሎቹን እየሰበሰቡ ነበር። ውሃ ስታድል የነበረችው ልጅ አስታወሰቻት።

"ሽበታሟ? ውሃ ሰጠኋት። 'እማማ፣ እዚህ ጋ ነው የሚታጠፈው' አልኳት። 'አውቃለሁ' ብላኝ ቀጥ ብላ ሄደች። ቤቷ በዚያ በኩል መስሎኝ።"

ቤታችን በዚያ በኩል አይደለም። በዚያ በኩል ያለው ጪጩ ነው፤ ከጪጩ ቀጥሎ ወናጎ፣ ከዲላ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ።

መንገድ ዳር የቆመ አንድ ባጃጅ ነጂ ወሬያችንን ሰምቶ ወረደ። ጢሙ የሸበተ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። ታምራት እንደሚባል በኋላ ነው የነገረኝ።

"የቲቸር አማረች ልጅ ነሽ አይደል? እኔን አስተምረውኛል" አለኝና ስልኩን አውጥቶ በወናጎ መስመር ለሚሠሩ ጓደኞቹ መደወል ጀመረ። ሦስተኛው ሰው አይቷታል። ታምራት ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማኝ።

"ከጪጩ በላይ ናት" ይላል ሰውዬው። "ዳር ዳሩን ትሮጣለች። ጥሩንባ ነፋሁባት፤ ዞርም አላለች። ኧረ ቶሎ ድረሱላት፣ መንገዱ ዛሬ አይሱዙ በአይሱዙ ነው።"

ታምራት ባጃጁን አስነስቶ ነጎደ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዳገትና ጠመዝማዛ ነው፣ ግራ ቀኙ እንሰትና ቡና። ቡና የጫኑት መኪኖች ሲያልፉን ባጃጇ ትንቀጠቀጣለች። በየኩርባው ፊት ለፊት ቢጫ ነገር ባየሁ ቁጥር ልወርድ እነሳለሁ። ቢጫው ሁሉ ጀሪካን ነው። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ጀሪካን፣ አህያ ላይ የተጫነ ጀሪካን፣ በር ላይ የተደፋ ጀሪካን። ያን ያህል ጀሪካን በዚያ መንገድ መኖሩን ያን ቀን ነው ያየሁት።

የቀይ ቡና ከረጢት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች አገኘን። ታምራት ጠየቃቸው።

"አልፋለች" አለች አንደኛዋ። "ማንን ነው የምታባርረው?"

"ማንንም" አልኩ።

"አይ፣ የሆነ ሰውማ አለ" አለች ሴትዮዋ። "እንዲያ የሚሮጥ ሰው ወይ የሚያባርረው አለ፣ ወይ የሚደርስበት ነገር አለ።"

ወናጎ መግቢያ ላይ አገኘናት። ከቀኑ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። አቦካዶና ሸንኮራ ከምትሸጥ አንዲት ሴት ፊት ቆማለች። ሴትዮዋ ከመደቧ ተነስታ ጃንጥላ ዘርግታ ፀሐይ እንዳይነካት ከላይዋ ይዛላታለች። ዙሪያውን ጥቂት ሰው ከቧል። እናቴ ቀኝ እግሯን አስቀድማ፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ይርጋጨፌ መንገድ መዝዛ ትመለከታለች። በቀኝ እጇ መታጠፊያው ላይ የተሰጣትን የውሃ ጠርሙስ ይዛለች። ክዳኑ አልተከፈተም። ያን ሁሉ መንገድ ስትሮጥ አንድ ጉንጭ አልጠጣችም።

"እማዬ!"

ዞረች። ፊቷ በራ። ከዚያ ተቆጣች።

"አስቴር፣ የት ጠፍተሽ ነው? ሌሎቹ እኮ ተቀባብለው ጨርሰዋል።"

አስቴር የምትባል ሰው አላውቅም። በቤታችንም ይህ ስም ተጠርቶ አያውቅም።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ። ምህረት ነኝ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ጫማዬ ላይ ስትደርስ ቆመች። "በዚህ ጫማ ነው የምትሮጪው?" አለችኝ።

"እማዬ፣ ነይ ቤት እንሂድ። አባዬ እየጠበቀሽ ነው።"

"ዱላውን ሳልሰጥ የት እሄዳለሁ?" አለችና ጠርሙሱን ወደ እኔ ዘረጋች። "ያዢና ሩጪ። ወደኋላ እንዳታዪ።"

እንግዲህ እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ምንም አላሰብኩም። ጠርሙሱን ተቀበልኩና ሮጥኩ። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ሩጪ ስትለኝ ያልሮጥኩ ሰው፣ በፋርማሲ ጫማዬ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ የወናጎን ዳገት መሮጥ ጀመርኩ። ልጆች ሳቁ። አንድ ሽማግሌ "በርቺ" አሉኝ፤ ምን መስሏቸው እንደሆነ አላውቅም። ኩርባው ጋ የቆመ አይሱዙ ነበር፤ ከኋላው ተሸሸግኩና ደረቴን ይዤ ተቀመጥኩ።

ከዚያስ? ምን ያህል ጊዜ መቆየት አለብኝ? ይርጋጨፌ ደርሻለሁ ልበላት? ስንት ደቂቃ እዚያ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ብቻዋን ትሄድብኛለች ብዬ ፈራሁና ተመለስኩ።

ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ።

"ለምን ተመለስሽ?" አለችኝ። እናቴን በዚያ ድምፅ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። "እኔ እስከዚህ አመጣሁት፤ አንቺ ለምን ተመለስሽ?" አስፋልቱ ዳር አፈሩ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። እንደ ሕፃን፣ ፊቷን ሳትሸፍን።

ለእሷ ብዬ ያደረግኩት ነገር ነው የባሰ የጎዳት። ላቅፋት ስል ገፋችኝ። ከዚያ በጌዴኡፋ መናገር ጀመረች። እናቴ ጌዴኦ ናት፤ አባቴ ግን ከሰሜን የመጣ ነጋዴ ልጅ ስለሆነ ቤታችን ያደገው በአማርኛ ነው። ከእሷ ቋንቋ የማውቀው ሰላምታና ጥቂት ቃላት ናቸው። "ውሃ" የሚለውን ሰማሁ፤ "እግር" የሚለውን ሰማሁ። ሌላው አለፈኝ። እናቴ ፊቴ ቁጭ ብላ የልቧን ስትናገር ባዕድ ሰው ሆኜ ቆምኩ።

ያን ጊዜ ሸንኮራ ሻጯ ጃንጥላዋን ለታምራት ሰጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ስሟ ዘነበች ነው። በጌዴኡፋ ቀስ ብላ አናገረቻት። እናቴ መለሰች። ሴትዮዋ ደግማ ጠየቀቻት። ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። በመካከሉ ዘነበች ጠርሙሱን ከእጄ ወስዳ ከፈተችና ሰጠቻት፤ እናቴ እስከ ግማሽ ጠጣች። ከዚያ በዘነበች ትከሻ ተደግፋ ተነሳች፤ ወደ ባጃጇም በራሷ እግር ሄደች።

"ምን ብለሻት ነው?" አልኩ ዘነበችን።

ዘነበች አፏን የፈታችው በጌዴኡፋ ስለሆነ በአማርኛዋ ሴቱም ወንዱም "እሱ" ነው። እናቴንም የምትጠራት እንደዚያው ነው።

"'ሩጫ ዛሬ አይደለም፣ ቀን ተሳስተሃል፣ ሁሉም ቤቱ ገብቷል' አልኩት። 'እኔስ ታዲያ?' አለኝ። 'አንተማ ሮጠህ መጥተሃል፤ እኛ አይተናል፤ ማንም ቢጠይቅ እኔ እናገራለሁ' አልኩት። ከዚያ እሺ አለ።"

ላመሰግናት ስል ሦስት አቦካዶ በፌስታል አድርጋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ለእናትህ" አለችኝ።

እናቴ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። ታምራት እንደ እንቁላል ተሸካሚ ነው የነዳው። ጪጩ ስንደርስ ነቃች።

"ምህረት" አለችኝ።

"አቤት እማዬ።"

"እግሬን አመመኝ።"

"ብዙ ሮጠሽ እኮ ነው።"

"አምስት ኪሎ ሜትር ብዙ ነው እንዴ?" አለችና ቀና ብላ አየችኝ። "ለምን ታለቅሻለሽ? ሰው ሞተ?"

ቤት ስንደርስ አባቴ በር ላይ ቆሟል። ሁሉንም ከፊቴ አነበበ። እናቴ ገና ሳትወርድ "ምሳ በላህ?" አለችው። እሱ በረንዳው ላይ አስቀምጧት፣ በርከክ ብሎ የጫማዋን ክር ፈታ። ተረከዟና ጣቶቿ ውሃ ቋጥረው ፈንድተዋል፤ ካልሲዋ ደም ነክቶታል። አባቴ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ሲያጥብ እሷ የልጅ ልጆቿን ስም እየጠራች "ዛሬ ለምን አልመጡም?" ትላለች።

ሐዋሳ ወስደናት ሐኪሙ የነገረንን ቀድሜም አውቄዋለሁ። የታዘዘላት መድኃኒት እኔ መደርደሪያ ላይ ያለው ነው። ዳዊት "በሩ ይቆለፍ፤ ቁልፉን አባዬ ይያዝ" አለ። አባቴ፣ "ሠላሳ ምናምን ዓመት ልጅ ስታስሮጥ የኖረችን ሴት አልቆልፍባትም" አለ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። እኔ የማንን ጎራ እንደምይዝ ጠፋኝ። በመጨረሻ ስኒከር ገዛሁና ጠዋት ጠዋት አብሬያት መውጣት ጀመርኩ።

አስቴር ግን አልወጣልኝ አለች። አባቴን ጠየቅኩት፤ አላውቃትም አለ። ከእናቴ ጋር ያስተምሩ የነበሩ አንዲት ጡረተኛ ናቸው አስቴር የምትባል የድሮ ሯጭ ይርጋጨፌ እንዳለች የነገሩኝ። በሚኒባስ ሄድኩ። ከዘራ ይዛ ነው የተቀበለችኝ፤ ዳሌዋን ታማለች።

"የአማረች ልጅ!" አለችና ጉንጬን ይዛ አየችኝ። ከዚያ ያንን ቀን ነገርኳት።

"ሩጫውማ ነበረ" አለች። "በደርግ ጊዜ ነው። ከዲላ ይርጋጨፌ ዱላ ቅብብል። እናትሽ ከዲላ ተነስታ ወናጎ ላይ ለእኔ ልትሰጠኝ ነበር። ቆሜ ጠበቅኳት። ዱላውን ይዛ የመጣችው ግን ሌላ ልጅ ናት። አማረች ነፍሰ ጡር ሆና ተገኘች፣ ከቡድኑ ወጣች ተባለ። ከዚያ በኋላ ለቡድኑ ሮጣ አታውቅም።"

"ማንን አርግዛ ነው?"

"የመጀመሪያዋን ነዋ" አለች። "አንቺን ይሆናል።"

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ማን አጠገቤ እንደተቀመጠ እንኳ አላስታውስም። ለአባቴ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

"ይህ ሊሆን አይችልም" አለ። "እኛ ስንጋባ ለአውራጃው መሮጥ ካቆመች ዓመት አልፏት ነበር። ስለ ወናጎው ሩጫ ነግራኛለች፤ በዝናብ ምክንያት ቀረ ነው ያለችኝ።"

አባቴ የማይዋሽ ሰው ነው። አስቴርም የምትዋሽበት ምክንያት የላትም። ወረቀት የለ፣ ፎቶ የለ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ፊቷ ጥርት ያለ ቀን፣ ድልድዩ ጋ አረፍ ብለን እናቴን ራሷን ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ አስቴርን ታስታውሻታለሽ?"

ሳቀች። "አስቴር ሁሌ ዱላ ትጥላለች።"

"ወናጎ ላይ ጠብቃሽ ነበር?"

ውሃውን አየች። "እኔ ነኝ የጠበቅኳት" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ልጆቹ በልተዋል?" አለችኝ።

ሦስት ሰው፣ ሦስት ታሪክ። ወራት ሙሉ አንዱን ከአንዱ ጋር ላስታርቅ ሞከርኩ። አስቴር እውነቷን ከሆነ እናቴን ከሩጫዋ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ታዲያ ለምን አንድ ቀን እንኳ አላለችኝም? "የማን ልጅ ነሽ ቢሉሽ" የምትለው ቀልድ ውስጥ የሆነ ነገር ነበረበት ይሆን? ወይስ በእኔ ደስ ብሏት ረስታው፣ በሽታው ነው ከታች ቆፍሮ ያወጣው? አባቴ ልክ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ጭንቀቴ ከንቱ ነው። አንዳንድ ቀን እናደድባት ነበር፤ ለምን እንደምናደድ ግን ራሴም አላውቅም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከጎኔ ስትራመድ እጇን ይዤ ይቅርታ ልላት እፈልግና፣ ለየትኛው ነገር ብላ ብትጠይቀኝ የምመልሰው አጣ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ ትምህርት አውጪ ብትሉኝ የለኝም። ምልክቱን ቶሎ እዩ እንዳልል፣ እኔው እያየሁ ያላየሁ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። እናታችሁ ገና አእምሮዋ ሳይደክም፣ እናንተን ከመውለዷ በፊት ምን ትወድ እንደነበር ጠይቋት። በምትናገረው ቋንቋ ጠይቋት፤ ካላወቃችሁት ተማሩት። እኔ ጌዴኡፋ መማር የጀመርኩት ከዚያ እሁድ በኋላ ነው፤ ዘነበችን እየሄድኩ አስቸግራት ነበር። ዛሬ ብዙውን እሰማለሁ። ያኔ እናቴ አፈር ላይ ተቀምጣ ያለችውን ግን ማንም ሊደግምልኝ አልቻለም። ዘነበችም ሁሉንም አታስታውሰውም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ኖረች። በመጨረሻዎቹ ወራት መናገር ብታቆምም መራመድ አላቆመችም። ባለፈው ክረምት ሦስታችንም ዙሪያዋን ተቀምጠን ሳለ አረፈች።

ለቀብሯ የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍ ለእኔ ተሰጠኝ። የተወለደችበትን፣ ያስተማረችባቸውን ዓመታት፣ የልጆቿንና የልጅ ልጆቿን ቁጥር ጻፍኩ። ስለ ሩጫዋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። አስቴር ሰው ይዟት ከይርጋጨፌ መጥታለች፤ ጓዳ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። አባቴ ድንኳኑ ውስጥ ነው። የማንኛቸውን ልጻፍ? ብዙ አሰብኩና ራሴ ያየሁትን ጻፍኩ።

ጽሑፉን መቃብሩ ዳር ያነበቡት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ስህተት መስሏቸው ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ።

"ስልሳ አምስት ነው የሚለው?" አሉኝ ዝግ ባለ ድምፅ።

"አዎ" አልኳቸው።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከመጀመሪያው ጀምረው ሁሉም እንዲሰማ አነበቡት፤ "ወይዘሮ አማረች በስልሳ አምስት ዓመታቸው ከዲላ ተነስተው፣ ሳያርፉ ሮጠው፣ ወናጎ ገብተዋል።"